ደነዝ ያልኳት ቀን

ውሃው የፈሰሰው ከብርጭቆው አጠገብ ነው። ልጄ ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በጥንቃቄ ነበር የቀዳችው። በጥንቃቄ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ያን ዕለት ያየሁት ወረቀቴን ብቻ ነው። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። በማግስቱ የማስረክበው ረቂቅ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተዘርግቶ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ያረምኳቸው መስመሮች ሁሉ ውሃው ውስጥ ሟሙተው ሮዝ ሆኑ።

«ምን ዓይነት ደነዝ ልጅ ነሽ!» አልኳት።

ያኔ አምስት ዓመት ተኩሏ ነው። አላለቀሰችም። ቆማ ብርጭቆውን አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ አፉን በጣቷ ነካችው፤ የት እንዳለ ለማረጋገጥ ይመስል። እናቴ እሁድ ምሳ ልትበላ መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። «ተያት፣ ልጅ አይደለች እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ። እኔ ግን ፎጣ ይዤ ወረቀቴን እያደረቅኩ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ አዲስ ልማድ አመጣች። ውሃ ስትቀዳ ሌባ ጣቷን በብርጭቆው አፍ ላይ ታጥፋለች። ጣቷ ውሃ ሲነካው ታቆማለች። አንድም ጠብታ አታፈስም። እኔ ደግሞ «ጣትሽን አውጪ፣ ንጹሕ አይደለም» እላት ነበር። ስንት ጊዜ እንዳልኳት አላውቅም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ አባቶች። እግር ወለም ሲል ወጌሻ ይጠራል፤ ይታሻል፤ ይድናል። ያቺ ቃል ግን ከአፌ ከወጣች አንድ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አሁንም ቦታዋ ላይ አለች። በተለይ ከሐኪም ቤቱ ቀን በኋላ።

«ያንቺም እንደዚህ አይደለችም?»

ውሃው ከፈሰሰ ከሦስት ወር በኋላ ትምህርት ቤቷ ውስጥ የዓይን ምርመራ ተደረገ። ልጄ ወረቀት ይዛ መጣች። ቀኝ ዓይኗ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል ይላል። አልደነገጥኩም። ዓይኗ አይንሸዋረርም። ዛፍ ላይ ያለች ወፍ ከእኔ ቀድማ ታያለች። መነጽር ያዙላት ይሆናል ብዬ ነው ይዣት የሄድኩት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የእንግሊዝኛዋ «ኢ» ፊደል በየመስመሩ እያነሰች፣ እግሮቿ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን እየዞሩ ተጽፋበታለች። ፊደል ላልቆጠረ ልጅ የተሠራ ነው፤ እግሮቿ ወዴት እንደዞሩ በጣት ማሳየት ይበቃል። ዶክተሯ መጀመሪያ የልጄን ቀኝ ዓይን ማንኪያ በመሰለች ጥቁር መሸፈኛ ከለለችው። ልጄ በጣቶቿ ቶሎ ቶሎ አሳየች። ላይ። ግራ። ታች። ቀኝ። ጨዋታ ሆኖላታል። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ወረደች።

ከዚያ መሸፈኛው ወደ ግራ ዓይኗ ዞረ።

ዝም አለች። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። አንገቷን ሰበቅ አደረገች፤ በመሸፈኛው ጎን አጮልቃ ለማየት። ዶክተሯ መሸፈኛውን አስተካከለችው። ልጄ በሌላው በኩል ሞከረች።

«አታጭበርብሪ እንጂ» አልኩ እኔ ከኋላ።

ዶክተሯ ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «እናት፣ እያጭበረበረች አይደለም» አለችኝ። «የምታይበትን ዓይን እየፈለገች ነው።»

ልጄም ዞረች። ግራ ዓይኗ እንደተሸፈነ፣ በዚያች በቀኟ ብቻ፣ ወደ እኔ አየች። ወደ እኔ ማለቴ ወደ ድምፄ። ፊቴን እንዳላገኘችው ያወቅኩት ትንሽ ከጆሮዬ ወጣ ብላ ስታይ ነው። «ማሚ፣ ይቺኛዋ እኮ ሁልጊዜም እንዲህ ናት» አለች። ድምጿ ውስጥ ቅሬታ የለም። የታወቀ ነገር እንደምታስረዳ ሰው ነው የተናገረችው። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ያንቺም እንደዚህ አይደለችም?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ያ ክፍል ፊቴ ላይ ይመጣል። ልጄ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ የሚያይ ዓይንና አንድ ዝም ብሎ ያለ ዓይን ያለው ይመስላት ነበር። እንዴት ታማርር? ምን ብላ ትንገረኝ? በሁለት ዓይን ማየት ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አላወቀችም። ሌሎቻችን እንደ እሷ ሆነን ውሃውን ብርጭቆው ውስጥ እየጨመርን፣ እሷ ብቻ የማትችል መስሏት ኖረች። በአንድ ዓይን ብቻ ለሚያይ የብርጭቆው አፍ የት ድረስ እንደሚርቅ መለየት ይከብዳል። ለዚያ ነው ጣቷን ያጠፈችው። መፍትሔዋን ራሷ ፈልጋ አገኘች። እኔ ደግሞ «ጣትሽን አውጪ» እላለሁ።

ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመሩላት። ዶክተሯ ውስጡን በመብራት አየችው። ሌንሱ ንጹሕ ነው። ሬቲናው ደህና ነው። ከዓይኑ ውስጥ የተጎዳ ነገር የለም። ያለው ልዩነት የመነጽር ቁጥር ነው። ግራ ዓይኗ ያለ መነጽር ጥርት ያለ ምስል ይልካል፤ ቀኟ የደበዘዘ ነው የምትልከው። አንጎል የማይገጥሙ ሁለት ምስሎች ሲመጡለት የጠራውን ይዞ ሌላውን ይተወዋል። ዛሬም ነገም ሲተወው፣ ያንን ዓይን መስማት ይለቃል። ልኩ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፦ 6/24። ጤነኛ ዓይን ከ24 ሜትር የሚለየውን ልጄ በቀኝ ዓይኗ ለመለየት 6 ሜትር ድረስ መቅረብ አለባት።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንላለን። ይህን ተረት ስሰማ የኖርኩት ስለ ፍቅርና ስለ ሰው ጠባይ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ግን ቃል በቃል ገባኝ። የልጄ ዓይን ያያል። የሚፈርደው ሌላ ነው። ፍርዱም በአንዷ ዓይን ላይ ወጥቷል፤ ማንም ሳይሰማ፣ ገና በሕፃንነቷ።

ዶክተሯ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ጻፈች። አምብሊዮፒያ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። «የግሪክ ቃል ነው» አለችኝ እየጻፈች። «ደነዝ ዓይን እንደማለት።»

«ደነዝ?»

«አዎ። እንደ ቢላ።»

ቃሉን ስከተለው

ማታ ልጄ ስትተኛ ቃሉን ፍለጋ ገባሁ። ቃል መፈለግ ሥራዬ ነው፤ ሲከፋኝም የምሸሸው እዚያ ነው። የግሪኩ ቅጽል «አምብሊስ» ነው፤ ደነዝ፣ ዱልዱም ማለት። ስሙ ደግሞ «አምብሊቴስ»፤ መደነዝ። «ኦፕስ» ዓይን ወይም ፊት ነው። ሲገናኙ የደነዘ ዓይን ይሆናሉ። በነገራችን ላይ፣ ስለ አገራችን ስም የግሪኩን ትርጓሜ ከተከተልን፣ «አይቲዮፕስ» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውም ይህችው «ኦፕስ» ናት፤ ፀሐይ ያከሰለው ፊት። ወረቀቱ ላይ ያስፈራኝ ባዕድ ቃል ግማሹ በስማችን ውስጥ ኖሯል።

መጀመሪያ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ግሪኮቹም እንደ እኔ ይህን ቃል ሰው ላይ ይወረውሩት ይሆን? አዎ፣ ይወረውሩታል። ዘገምተኛ አእምሮን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በእኛም ቋንቋ ቢላ ይደንዛል፤ እግር ይደነዝዛል፤ ሰው ደነዝ ይባላል። ከብረት ተነስቶ ሰው ላይ ለመድረስ ሁለቱም ቋንቋዎች አንድ መንገድ ሄደዋል። ይህ አላጽናናኝም። ግን ማንበቤን ቀጠልኩ።

ፈላስፋው አርስጣጣሊስ (አሪስቶትል) ስለ ነፍስ በጻፈው ላይ ስለ ቀጭንና ስለ ወፍራም ድምፅ ሲናገር ከመዳሰስ ምሳሌ ያመጣል። ስሉ ነገር እንደ መውጋት ነው፤ ደነዙ እንደ መግፋት ነው ይላል። እዚህ ጋ ቆምኩ። ቃል የሚወጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን እሁድ የተናገርኩት ግን አልወጋም። ልጄ አላለቀሰችም፤ ደም አልወጣም። ገፋት። ከጠረጴዛው ገፋት፣ ከጆጉ ገፋት፣ ወደ ጣቷ ገፋት።

የጂኦሜትሪው ሊቅ ኤውክሊድ ዘንድ ደግሞ ቃሉ ስድብም ሐዘንም የለበትም። ከቀጤው ማዕዘን የሚጠበውን «ስል»፣ የሚሰፋውን «ደነዝ» ይለዋል፤ በቃ።

ከሁሉ የገረመኝ ፈላስፋው አፍላጦን (ፕሌቶ) ነው። ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህ ቃል እየተመላለሰ ይመጣል። ዓይን በሌሊት ጭላንጭል የሚታየውን ነገር ሲያይ ይደነዝዛል፤ ማየት የሌለው፣ ዕውር ለመሆን ትንሽ የቀረው ይመስላል ይላል። ያው ዓይን ፀሐይ ወደበራችበት ሲዞር ግን አጥርቶ ያያል። ማየቱ ከውስጡ አልጠፋም ነበር ማለት ነው። ይህን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት። አፍላጦን ስለ ነፍስ ነው የሚያወራው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ያሰብኩት መብራት ይዛ ወደ ልጄ ዓይን ያጎነበሰችውን ዶክተር ነው። ሌንሱ ንጹሕ ነው፣ ሬቲናው ደህና ነው ያለችውን።

እዚያው ውስጥ የዋሻው ታሪክ አለ። ከዋሻው ወጥቶ ፀሐይ ያየው ሰው ተመልሶ ጨለማው ውስጥ ሲገባ ዓይኑ ይደነዝዝበታል። እስኪለምደው ድረስ የተቀመጡት ይስቁበታል። በመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ሶቅራጥስ እንደ ዋዛ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል፦ ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች አጥርተው ከሚያዩት ቀድመው ያያሉ። በዚያ እሁድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ነበርን። እናቴ ዓይኗ በዕድሜ ደክሟል። ልጄ አንድ ዓይኗ አይሠራም። አጥርቼ የማየው እኔ ነበርኩ።

ግሪኩን ስፈልግ ሳላስበው ወደ ራሳችን ደጅ መጣሁ። በግሪኩ ብሉይ ኪዳን፣ ኦሪት ዘፍጥረት 27 መጀመሪያ ላይ፣ ይስሐቅ ሲያረጅ ዓይኖቹ የሆኑት በዚሁ ቃል ተጽፏል፤ ከማየት ደነዙ። የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከዚሁ ከግሪኩ ነው። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የፍየል ጠጉር፣ የያዕቆብ ድምፅ፣ የዔሳው እጅ። ዓይኑ የደነዘበት ሰው ምን አደረገ? እጁን ዘረጋ። ዳሰሰ። ከዚህ ቀደም ስሰማው ሁልጊዜ ስለ ያዕቆብ ብልጠት ነበር የማስበው። አሁን የማየው የሽማግሌውን ጣቶች ነው።

መደነዝ ምሕረት የሚሆንበትም ቦታ አለ። የግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት የአይስኪሎስ ነው በሚባለው የፕሮሜቴዎስ ተውኔት ውስጥ ኀምሳ እህትማማቾች በሠርጋቸው ሌሊት ባሎቻቸውን ሊገድሉ ነው። አንዷ ግን ፍቅር ይይዛታል፤ ቁርጥ ሐሳቧ ይደነዝዛል ይላል ቃሉ። ነፍሰ ገዳይ ከምትባል ፈሪ መባልን ትመርጣለች። ይህን ሳነብ የእኛው «ማደንዘዣ» ትዝ አለኝ። እኛም ከሥቃይ የሚያድነንን መድኃኒት ከዚሁ ሥር ነው የጠራነው።

አንዱ ግን አልተመቸኝም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 አቴና ውስጥ በታየው የአይስኪሎስ ተውኔት ኦሬስቴስ እናቱን ገድሎ ይሸሻል። አቴና የምትባለው ሴት አምላክ ዘንድ ሲደርስ እጄ አሁን ርኩስ አይደለም ይላታል። በሌሎች ሰዎች ቤትና በመንገድ ላይ ታሽቶ ታሽቶ በደሌ ደንዟል ይላል። እውነት ነው፤ በደል ይደንዛል። አንዴ ለጓደኛ ሲነግሩት፣ ሌላ ጊዜ ለዘመድ ሲያወሩት፣ ጫፉ ይሄዳል። ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያመነታሁትም ለዚህ ነው። የእኔ ቶሎ እንዲደንዝ አልፈልግም።

የሲኒ ቂጥና ቢላ

ለእናቴ የነገርኳት በማግስቱ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። ቢላው ሽንኩርቱን አልቆርጥ ብሎ እየጨፈለቀው ስላስቸገራት ሲኒ ገልብጣ፣ ያልተወለወለውን የሲኒውን ቂጥ ቀለበት ይዛ፣ የቢላውን አፍ ትስለው ጀመር። አንዴ በዚህ በኩል፣ አንዴ በዚያ በኩል። ሲኒው ላይ ግራጫ መስመር ቀረ። ቤታችን ሞረድ ኖሮ አያውቅም። እኔም ልጄም የበላነው ሽንኩርት ሁሉ በሲኒ ቂጥ በተሳለ ቢላ የተከተፈ ነው።

«ደነዝ ዓይን ነው የሚባለው» አልኳት። ቃሉን ስጠራው ድምፄ ተሰበረ። እናቴ ያን እሁድ እንደነበረች ታውቃለች፤ አላነሳችውም።

«ቢላ የሚደንዘው ሠርቶ ነው» አለች። «የእሷ ምን ሠርቶ ደነዘ?»

ትክክል ናት። ምሳሌው እዚህ ላይ አይገጥምም። ቢላ የሚደንዘው ስለቆረጠ ነው፤ የልጄ ዓይን የደነዘው ሥራ ስላጣ ነው። ዶክተሯ ያለችኝን ነገርኳት። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ አንጎሏ ነው የተወው። እናቴ ቢላውን በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ ሞከረችው። «እንግዲያ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ቢላ ነዋ» አለች። «ዝጎ ነው። ዝገት ይለቃል።»

ሳይንሱም ከእናቴ ብዙ አይርቅም። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ቆብ ሰፍተው ዘጉት። ከወራት በኋላ ሲከፍቱት ዓይኑ ራሱ ደህና ነው። አንጎል ውስጥ ያሉት የእይታ ሕዋሳት ግን ለዚያ ዓይን መልስ መስጠት ትተዋል። ካደገች ድመት ላይ ሲሞክሩት እንዲህ አልሆነም። ስለዚህ የልጅነት ወራት አሉ፤ አንጎል ማንን እንደሚሰማ የሚወስንባቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ካገኙበት ሥራ አንዱ ይህ ነው። ስለ ግልገሎቹ ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ግን ልጄ ዛሬ የምታገኘው ሕክምና በከፊል የቆመው በእነሱ ላይ ነው።

ሕክምናው ግራ የሚያጋባ ነው። ደነዙን ለመሳል ስሉን ማደንዘዝ ነው። መጀመሪያ መነጽር ይታዘዛል፤ መነጽሩ ብቻውን በብዙ ልጆች ላይ ለውጥ ያመጣል። ከዚያ የሚያየውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን። ወይም አትሮፒን የሚባል ጠብታ ጨምሮ የሚያየውን ዓይን ማደብዘዝ። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ቡፎን የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ደህነኛውን ዓይን ስለመሸፈን እ.ኤ.አ. በ1743 ጽፏል። የሚሸፈነው ሰዓት ግን አጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ 189 ልጆችን አይቶ፣ ችግሩ መካከለኛ ለሆነባቸው በቀን ሁለት ሰዓት መሸፈን ስድስት ሰዓት ከመሸፈን እንደማያንስ አሳይቷል። የእኔም ልጅ የተባለላት ሁለት ሰዓት ነው።

ጊዜው ግን ይሮጣል። ከሰባት ዓመት በፊት ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ ነው። ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆችም ይሻላቸዋል፤ ትንሽ ይከብዳል እንጂ። ይህን የምጽፈው ለምን እንደሆነ ልናገር። ዓይኗ ያልተንሸዋረረ፣ ወፍ ቀድማ የምታይ፣ ደስተኛ ልጅ ቤታችሁ ካለች አንድ ዓይኗን በእጃችሁ ሸፍናችሁ በሌላው ምን እንደምታይ ጠይቋት። ከዚያ ሌላውን። ሐኪምን አይተካም። ግን እኔ አንድም ቀን አላደረግኩትም።

ሁለት ሰዓት

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። መሸፈኛው እንደ ቁስል ፕላስተር የሚለጠፍ ነው። ግራ ዓይኗ ላይ ለጠፍኩላት፤ መነጽሯን ከላይ አደረግኩ። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «ማሚ፣ ቤቱን መልሺልኝ» አለች።

ቤቱን። ዓይኔን አላለችም።

ላነሳው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ የዶክተሯ ቃል ትዝ አለኝ፤ ስታለቅስ ካነሳሽው ነገም ታለቅሳለች። አላነሳሁትም። አብሬያት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀደም ስሠራ ነበር የማሳልፈው ያንን ሰዓት። አሁን አብረን ነን፤ ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት። ሥዕል ቀለም እንቀባለን። ምስር እንለቅማለን። ምስሩን የነገረችን ዶክተሯ አይደለችም፤ እናቴ ናት። ሰፌድ ላይ ዘርግታ «ነይ ጠጠሯን አሳዪኝ» ትላታለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልጄ ጠጠሩን በዓይኗ አላገኘችውም። ምስሩን በጣቷ እየነካች፣ የሻከረውን እያነሳች ነበር የምትለየው። እናቴም አልከለከለቻትም።

በመካከል አንድ ነገር አነበብኩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ429፣ ፎርሚዮን የሚባል የአቴና አዛዥ በ20 መርከብ 47 የጠላት፣ የፔሎፖኔስ፣ መርከቦችን አሸነፈ። የተሸነፉት 77 ሆነው ተመልሰው ሲመጡ አዛዦቻቸው ወታደሮቹን ሰብስበው ተናገሩ። ንግግሩን የታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ ጽፎታል። በጉልበት ያልተሸነፈ ልብ ዕድል ባመጣው ነገር መደነዝ የለበትም አሏቸው። ቃሉ ይኸው ነው። ንግግሩ አላዳናቸውም፤ ፎርሚዮን ደግሞ አሸነፋቸው። ቢሆንም ያቺን ዓረፍተ ነገር ቀድቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኳት። ልጄ አንብቢልኝ ስትለኝ «አትስነፊ ማለት ነው» አልኳት። «እኔ መቼ ሰነፍኩ?» አለችኝ። አልሰነፈችም። ወረቀቱን አነሳሁት። ለራሴ ነበር የለጠፍኩት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በመነጽሩ ብቻ 6/18 ደረሰች። መሸፈኛው ከተጀመረ በኋላ 6/12። ዶክተሯ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ዝቅ ስትል፣ እኔ ከኋላ ቆሜ የልጄን ጣት ነው የማየው። ላይ። ግራ። እዚህ ጋ ትዘገያለች። ታች። አሁን አንገቷን አታጣምምም።

ባለፈው ሳምንት ይቅርታ ጠየቅኳት። መሸፈኛዋን ለጥፋ ዶቃ በክር እየሰካች ነበር። ብዙ ቀን ስዘጋጅበት የቆየ ነገር ነው። እንዴት እንደምጀምረው አላወቅኩም።

«ያን ጊዜ ውሃው የፈሰሰ ቀን ታስታውሻለሽ?»

«ወረቀትሽ የረጠበ ቀን?»

«አዎ። ያን ቀን ደነዝ ብዬሽ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እናቴ።»

መስካቷን አቁማ አሰበች። የምሯን ነው ያሰበችው። «እሱን አላስታውስም» አለች። «ቀሚሴ ረጥቦ ነበር። አንቺ ወረቀቱን ጠረግሽ።»

ቀሚሷ መርጠቡን አላየሁም ነበር። የትኛው ቀሚስ እንደነበር ራሱ አላስታውስም። በምን ተቀየረ? ማን ቀየረላት? እናቴ ትሆናለች። አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚያች ቃል ሳስብ፣ ግሪክ ድረስ ስከተላት፣ ልጄ የያዘችው ሌላ ነገር ነበር።

«ቀዝቅዞሽ ነበር?» አልኳት።

«ትንሽ» አለች። ከዚያ ወደ ክሯ ተመለሰች። «ማሚ፣ ሰማያዊው የታል?»

ሰማያዊው ዶቃ እጄ አጠገብ ነበር። አላቀበልኳትም፤ ራሷ ትፈልገው ተብሏል። ፊቷን ወደ ጠረጴዛው አቀረበች። እጇን ዘረጋች፤ አረንጓዴውን ነካች፤ መለሰችው። እንደገና ዘረጋች። ሰዓቱን አየሁ። ገና 40 ደቂቃ ይቀራታል።